ሙህሲን ሲጋራ ከተወ በኋላ የሆነው

ሙህሲን ኡበይድ ሁለት ሥራ ነበረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ቁጭ ብሎ ልብስ ይሰፋል፤ እሁድ ሲሆን ጥቁር ቁምጣና ቢጫ ማሊያ ለብሶ ኳስ ሜዳ ይወርድና ፊሽካውን ይነፋል። ስፌቱ የቤተሰቡ እንጀራ ነው። ዳኝነቱ ግን የልቡ ነበር። ስፌቱን ከአባቱ ወረሰው እንጂ አልመረጠውም፤ ለዳኝነቱ ግን ማንም ሳያስገድደው በሃያ ሰባት ዓመቱ ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ነው የገባው። ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባሉት ሜዳዎች አስራ አራት ዓመት ሲያጫውት አንድም ቀን በአድልዎ ተከሶ አያውቅም። ሲሸነፉ ዳኛ መሳደብ የሚወዱት እንኳ እሱ ላይ አፋቸው አይከፈትም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበረችበት፤ ያጨሳል። በእረፍት ሰዓት ተጫዋቾቹ ውሃ ሲጠጡ እሱ ሜዳው ጥግ ካለው ግራር ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት ሲጋራ አከታትሎ ይስብና ይመለሳል። ሱቁ ውስጥ ግን ለኩሶ አያውቅም፤ የሰው ልብስ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ። በየግማሽ ሰዓቱ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ይወጣና መንገድ ዳር ቆሞ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ አጭሶ ይገባል። እናቱ አሚና እንደሚያጨስ ያውቃሉ፤ እሱም እንደሚያውቁ ያውቃል፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

የተወው በረመዳን ነው። የዚያን ዓመት ጾም አስራ ሁለተኛው ቀን ላይ አዛን ተሰማና ቤተሰቡ ሊያፈጥር ገበታ ቀረበ። ባለቤቱ ሀስና ተምሩንና ውሃውን ፊቱ አስቀመጠች። የሙህሲን እጅ ግን ወደ ተምሩ አልሄደም፤ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ። ሀስና አየችው። ልጁ ራህመትም አየችው። ሀስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ሙህሲን፣ በምንድን ነው የምታፈጥረው? በተምር ነው በጭስ?» አለችው።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። ሙህሲን ፊቱ ቀላ። ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለው ምኑን እንደሆነ ገና ያን ጊዜ ገባው። የጠበቀው ውሃ አልነበረም፤ ምግብም አልነበረም። ቢስሚላህ ብሎ ተምሩን ጎረሰ፤ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣና ፓኬቱን እንዳለ እሳቱ ውስጥ ጨመረው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ለጠላትም አይስጥ የሚባሉ ዓይነት ነበሩ። ራሱን ይፈልጠዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተዋል። ደንበኛ «አልደረሰም እንዴ?» ሲለው ይጮህበታል፤ ቆይቶ ደግሞ መንገድ ላይ ተከትሎ ሄዶ አፉ በለኝ ይላል። ኢድ ሲደርስ ግን አስራ ስምንት ቀን ሞላው። የጾሙ አጥር ተነሳ፤ ቀን ማጨስ ይችላል፤ አላጨሰም። ሀስና ለማንም ሳትናገር አልቅሳ አላህን አመሰገነች።

ከዚያ ምላሱ ተመለሰ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ከገበታው ሳያነሳ ቀና ብሎ «ሀስና፣ ወጥሽ እንዲህ ይጣፍጥ ነበር?» ሲላት ሳቋ አመለጣት። አስራ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ስለ ወጥ ተናግሮ አያውቅም ነበር። እንጀራው፣ ሽሮው፣ የማሽላው ቂጣ፣ ሁሉ ነገር አዲስ ሆነበት። አፉ ደግሞ ሥራ ፈትቷልና ባዶውን መቀመጥ አልወደደም። መጀመሪያ ከረሜላ ገዛለት። ከዚያ ኦቾሎኒ። ከዚያ ጠዋትና ከሰዓት ሳምቡሳ፤ ከሳምቡሳው ጋር ሻይ፤ ሻዩ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር። ለማጨስ መውጣት ስለቀረ ከስፌት መኪናው የሚነሳበት ምክንያትም ቀረ። ጠዋት እንደተቀመጠ ማታ ይነሳል።

ሰዉ ሁሉ ደስ አለው። «ማሻአላህ! ሰው መሰልክ!» «ተመቸህ ሙህሲን!» «ሀስና ምን ብታበላህ ነው?» ይሉታል በየመንገዱ። እናቱ አሚናማ ጉንጩን ይዘው ሳሙት። እሱም መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ሱሪው ሲጠብበው የወገቡን ስፌት ፈታ፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ ምን ይቸግረዋል። በወሩ እንደገና ፈታው። በሦስተኛው ጊዜ ግን የሚፈታ ጨርቅ አልተረፈም። ያን ቀን ሜትሩን አንስቶ ለብዙ ሰው እንዳደረገው በራሱ ወገብ ዙሪያ አጠመጠመና ቁጥሩን አየ። ሜትሩ የተሳሳተ መስሎት እንደገና ለካ።

ክረምት ገባ፤ የክረምት ዋንጫ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አጫወተ፤ ትንፋሽ አጠረው፤ አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ላይ ግን የፈራው ደረሰ።

ጨዋታው ጎብዬ ሜዳ ነበር። የጎብዬ ቡድን ከአንድ የቀበሌ ቡድን ጋር ዜሮ ለዜሮ እያለ አስር ደቂቃ ሲቀር እንግዳው ቡድን ኳስ ነጥቆ በመልሶ ማጥቃት በረረ። ሙህሲን ሮጠ። እግሩ ሮጠ፤ ሆዱ ግን አልተከተለውም። መሃል ሜዳ ላይ እያለከለከ አጥቂው ወዲያ ማዶ ሲወድቅ አየ። ቅጣት ክልሉ ውስጥ ነው ውጭ? ከዚያ ርቀት ማን ያውቃል። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱም ነፋ፤ እጁን ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ዘረጋ። የጎብዬው አምበል ፊሊሞን እየሮጠ መጣ።

«ዳኛ! ሁለት እርምጃ ውጭ ነው! ና እየው፣ መሬቱ ላይ ምልክቱ አለ!»

ሙህሲን ምልክቱን ሄዶ ለማየት እንኳ ትንፋሽ አልነበረውም። ቅጣቱ ገባ፤ ጎብዬ ከውድድር ወጣ። ያኔ ነው ከደጋፊው መሃል አንዱ «ዳኛውን በባጃጅ አምጡት!» ብሎ የጮኸው። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እስኪያልቅ ድረስ ዘፈን አደረጉት። «በባጃጅ! በባጃጅ!»

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሄዶ መሬቱን አየ። የተንሸራታቹ ተከላካይ ጫማ የቆፈረው ቦይ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ውጭ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቆቦ የተመለሰው ከመስመር ዳኛው ከግርማይ ጋር በሚኒባስ ነው። ግርማይ ወላጆቹ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ የሰፈሩ፣ የብረታ ብረት ዕቃ የሚነግድ፣ ዝምታ የሚያውቅ ሰው ነው። ሮቢትን ሲያልፉ ወሬ የጀመረው ሙህሲን ነው።

«ጨዋታውን በላሁባቸው ግርማይ።»

«አልበላህባቸውም። አልደረስክም።»

«ምን ለየው?»

ግርማይ ለረዳቱ የሁለቱንም ሂሳብ ከፈለ።

በሳምንቱ የወረዳው የዳኞች ኃላፊ ታደሰ ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ በክብር፣ ሻይም ጠጥቶ «ለዘንድሮ ትንሽ እረፍ» አለው። ሙህሲን ገባው። ታደሰ እንደወጣ ተነሳና ከመንገዱ ማዶ ካለው ከተሾመ ሱቅ ሄዶ «ሲጋራ በፍሬ አንድ ስጠኝ» አለ።

ተሾመ እጁ መደርደሪያው ላይ ቀረ። «ትተኸው አልነበር እንዴ?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ሰጠው። ሙህሲን ግን አልለኮሰውም። ኪሱ ውስጥ ከቶ ሲነካካው ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሳጨስ ቀጭን ነበርኩ፤ ሳጨስ እሮጥ ነበር፤ ልመለስበትና ቁመናዬን ላግኝ። እንዲህ ሲያስበው ምክንያት ያለው ሰው ይመስለዋል። ልቡ ግን አላመነውም። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር መብራት ነበሩ፤ ጋዋናቸውን የሚሰፋላቸው እሱ ስለሆነ ይተዋወቃሉ። ሚዛን ላይ አቆሙት። ሰባ ዘጠኝ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ስልሳ ስድስት ነበር። የደም ግፊቱን ለኩትና «ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉት።

«ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ። «ሳጨስ ዘጠና ደቂቃ እሮጥ ነበር። ተውኩት፤ ይኸው በርሜል ሆንኩ። ከሁለቱ የትኛው ነው የሚገድለኝ?»

«ኪስህን ለምን ጨብጠኸዋል?»

አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሲስተር መብራት አልነኩትም፤ አልተቆጡምም።

«ይሄ ረሃብህን አፍኖ ይዞልህ ነበር» አሉት ወደ ሲጋራው በአገጫቸው እያመለከቱ። «አሁን ሲለቀው ሰውነትህ የሃያ ዓመቱን ልብላ አለ። ሲጋራ የተወ ሰው አራት አምስት ኪሎ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። ሻይ ላይ ስንት ስኳር ነው የምታደርገው?»

«አራት።»

«ማንኪያ?»

«ማንኪያ።»

«በቀን ስንት ሻይ?»

ሙህሲን ጣሪያውን እያየ ቆጠረ። «ስድስት… ሰባት።»

«እንግዲያው አምስቱ ኪሎ የሲጋራው ነው፤ የቀረው የሻይህና የወንበርህ ነው። ለሲጋራው አትፍረድለት፣ ደግሞም ሂሳቡን ሁሉ መተዉ ላይ አትጫን። የወፈረ ሰው ይከሳል። ሳንባውን ያቃጠለ ሰው ምን ያደርጋል? ወደዚህ ብትመለስ ኪሎው ላይወርድልህ ይችላል፤ ሳልህ ግን በማግስቱ ይመጣል።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ስታጨስ በየስንት ጊዜው ነበር ከወንበርህ የምትነሳው?»

«በየግማሽ ሰዓቱ።»

«አሁንም ተነስ! ጭሱን ተው ተባልክ እንጂ መነሳቱን ተው ማን አለህ? ሲያምርህ ውጣ፤ ገበያውን አንድ ጊዜ ዙረህ ተመለስ። አፍህ አልቀመጥ ካለህ መፋቂያ ስጠው። ስኳሩን ደግሞ በአንድ ጊዜ አትቁረጥ፤ ቀስ እያልክ ቀንስ። እንዳትራብ ግን። ስትራብ መጀመሪያ የሚመጣልህ ይሄ ነው።» ያን ጊዜ ሲጋራውን በወረቀት ጠርገው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት።

የሚገርመው፣ ሙህሲን ይህን ሁሉ ሰምቶ ወጥቶ ያደረገው የተከለከለውን ነው። ቀስ ብሎ የሚባል ነገር አልወደደም። እኔ ጾም የማውቅ ሰው፣ ምን ያቅተኛል አለና በቀን አንዴ ብቻ ልብላ ብሎ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን በላይነሽ የምትባል አስተማሪ ያዘዘችውን ቀሚስ ሰፍቶ አስረከባት። በላይነሽ ዘርግታ አየችው፤ አንዱ እጅጌ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ተሰፍቷል።

«ሙህሲን፣ ይሄን ለማን ነው የሰፋኸው?» አለችው እየሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዓይኑ ጨለመበት፤ ቀና ሲል እግሩ ወደ ሳምቡሳ ቤት ወሰደው፤ እዚያም ሳይቀመጥ ቆሞ ሰባት በላ። ሰባት! ቤቱ ገብቶ ለሀስና ሲነግራት ሳቅ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን «ሲስተር መብራት የሰፋኸውን ጋዋን ፈትተው ራሳቸው ቢሰፉት ምን ይሰማሃል?» አለችው። ነገሩ ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተባለውን ማድረግ ጀመረ።

ግርማይ በበኩሉ ምንም ሳይጠየቅ አንድ ማታ መጣና «ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ የሆርማት ድልድይ ጋ እጠብቅሃለሁ፣ ዓርከይ» ብሎ ሄደ። ዓርከይ፣ በትግርኛ ጓደኛዬ፣ የሚለው ሲወደው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት አሳፋሪ ነበር። ሩጫ የሚባል አልነበረም፤ ከድልድዩ ጥቂት እንደሄዱ ሙህሲን ጎኑን ይዞ ቆመ። ግርማይ አጠገቡ ቆሞ ፀሐይዋ በዞብል ተራራ ላይ ስትወጣ እያየ ጠበቀው። በማግስቱ ትንሽ ራቅ አሉ። ከሳምንት በኋላ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ቀጣዩ መሮጥ፣ ሁለቱን ምሰሶ መራመድ ጀመሩ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ካልተመለሱ የቆላው ሙቀት ስለማያስቀምጥ አንድም ጠዋት መተኛት አልተቻለም። ከሮቢት የሚመጡ ባጃጆች አጠገባቸው ሲደርሱ ይቀዘቅዙና «ሙህሲን! ማን አባረረህ?» ይላሉ። አንዱ ደግሞ «ግባ፣ ሜዳ ላድርስህ!» አለው። ሙህሲን ጆሮው እየቃጠለ ሮጠ። በሁለተኛው ወር ላይ ያው ባለባጃጅ ሲያልፍ ሳይናገር ጥሩምባ ብቻ ነፋለት፤ አሁን ግን ለሰላምታ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሲጋራ ባማረው ቁጥር መፋቂያውን አፉ ውስጥ ሰክቶ ይወጣል፤ ሽንኩርት ተራውን፣ በርበሬ ተራውን፣ ከብት ተራውን ዞሮ ይመለሳል። ሻዩ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ማንኪያ ወረደ። አንድ ማንኪያ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ በታች ሻይ አይደለም አለ፤ ሲስተር መብራትም ይሁን አሉት።

ያላሰበው ችግር የመጣው ከእናቱ ነው። አሚና በየአርቡ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይልኩለታል። አንድ አርብ ግማሹን በልቶ መለሰው። በማግስቱ ራሳቸው ጎጆአቸውን ዘግተው መጡ፤ ሰላምታም ሳይሰጡ «እጄን ጠላኸው?» አሉት።

«ኧረ በአላህ እማ!»

«ታዲያ ግማሹ ለምን ተመለሰ? ጠዋት ጠዋትም እንደ እብድ አስፋልት ላይ ትሮጣለህ አሉኝ። ምን ነክቶህ ነው? አሁን ገና ሰው መሰልክ ስል!»

ሙህሲን ስፌቱን አቆመ። ወንበሩን ወደ እናቱ አዞረና ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ተናገረ።

«እማ፣ እኔ እኮ አጨስ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ትቻለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ አሚና። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «መተውህን ሳይ ነው ቅቤውን የጨመርኩት። ደስ ቢለኝ ምን ላድርግ? ልጄን አላህ መለሰልኝ ብዬ ነው።»

የወገቡ ስፋት ግማሹ የእናቱ ደስታ እንደነበር እንዴት ሊያውቅ ይችላል? እጃቸውን ያዘና ዳኝነቱን፣ ጎብዬ ላይ የሆነውን፣ ግፊቱን፣ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ታዲያ ምን ላምጣልህ?» አሉ ሲጨርስ።

«ፓፓያ» አለ፤ መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ፓፓያ ሆነ! አሚና መስኖ ያለው ዘመድ ነበራቸውና በየሁለት ቀኑ አንድ ዘንቢል ይመጣል። ሀስና ለጎረቤት እያደለች አልዘለቀችውም። ቤቱ ውስጥ ፓፓያ የማይሸት ጥግ አልቀረም።

ኪሎው ወረደ፤ ግን እንደፈለገው አይደለም። ሰባ ዘጠኙ ሰባ ስድስት ሆነ፤ ከዚያ ሰባ አራት። ሰባ አራት ላይ ሲደርስ ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ እንቢ አለ። እየሮጠ፣ እየተጠነቀቀ፣ ያው ሰባ አራት። ያን ጊዜ ነው ተስፋ መቁረጥ እንደገና የጎበኘው። ሲስተር መብራት ግን ሚዛኑን ትተው ግፊቱን ለኩትና ማሽኑን አዙረው አሳዩት። ወደ ደህናው ቁጥር ተመልሷል። «ሰውነትህ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት።

ረመዳን ዞሮ መጣ። ከሁሉም ይህን ነበር የፈራው፤ የማፍጠሪያው ገበታ መልሶ ያበላሸኛል ይል ነበር። ዘንድሮ ሀስና የሚጠበሰውን ሁሉ ለሳምንት አንድ ቀን አደረገችውና በተምር፣ በሾርባና በፓፓያ (ያው አሚና አሉ) አፈጠሩ። ከማፍጠሪያ በፊት ያለችውን ሰዓት ደግሞ በእግሩ ሆርማት ድረስ ሄዶ ይመለስባታል። አስራ ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ዓመት ሞላው። ገበታው ላይ ራህመት ተምሩን ራሷ መርጣ ለአባቷ አጎረሰችው።

ሰኔ ላይ ታደሰ ዳኞችን ለአካል ብቃት ፈተና ቆቦ ሜዳ ጠራ። ፈተናው ሰባ አምስት ሜትር መሮጥ፣ ሃያ አምስት ሜትር መራመድ ነው፤ ይህ አርባ ጊዜ ይደጋገማል። አስራ አንድ ሰው ተሰለፈ፤ አብዛኛው ሙህሲንን አጎቴ ሊለው የሚችል ወጣት ነበር። ሃያኛው ላይ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሃያ ስምንተኛው ላይ አንዱ ወጣት ሆዱን ይዞ ወጣ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሌላው ተከተለው። ሙህሲን ግን ትንፋሹን ሰማው፤ ሳል የለበትም፤ ፉጨት የለበትም፤ እንደ ደህና ወናፍ ይገባል ይወጣል። ሳጨስ ቀጭን ነበርኩ እንጂ እንዲህ ተንፍሼ አላውቅም ብሎ አሰበ። በአርባኛው ላይ መስመሩን ሲያልፍ ታደሰ ሰዓቱን አይቶ ስሙ አጠገብ ምልክት አደረገ። ያን ዕለት ሚዛኑ ሰባ አንድ ይል ነበር። ወደ ስልሳ ስድስት አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አሁን አይፈልገውምም።

ታደሰ መጀመሪያ ትንንሾቹን ጨዋታዎች ሰጠው። ከዚያ ሩብ ፍጻሜውን። ነሐሴ ላይ ለፍጻሜው ስም ሲወጣ መሃል ዳኛ ሙህሲን ኡበይድ፣ ረዳት ግርማይ ተብሎ ተለጠፈ። ተፋላሚዎቹ ሮቢትና ጎብዬ ነበሩ።

ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሳንቲም ከመጣሉ በፊት የጎብዬው አምበል ፊሊሞን እጁን ሲጨብጠው ዓይን ዓይኑን እያየ «ዘንድሮስ ቅርብ ትሆናለህ?» አለው።

«ኢንሻአላህ» አለ ሙህሲን።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ጎብዬዎች የማዕዘን ምት አገኙ። ሁሉም ወደ ሮቢት ግብ ተጠጉ። የሮቢት በረኛ ኳሱን በሁለት እጁ ቀለበና ወዲያው አርቆ ወረወረው። የሮቢቱ አጥቂ ጎይቶም ተቀብሎ ባዶ ሜዳ ላይ በረረ። ፊሊሞን ተከተለው። ሙህሲንም ሮጠ። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ! መሃሉን ሲያልፍ ደረቱ አልተያዘም፤ እግሩ አልከበደም፤ ፊሊሞንን ሊደርስበት ሦስት እርምጃ ቀረው። ጎይቶም ክልሉ ውስጥ ገባ፤ ፊሊሞን ተንሸራተተ፤ ጎይቶም ወደቀ።

«ሪጎሬ!» ሜዳው በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ሙህሲን ፊሽካውን ወደ አፉ አላደረገም። የፊሊሞን ጫማ መጀመሪያ ኳሱን ሲያወጣ፣ እግር ሳይነካ፣ በገዛ ዓይኑ አይቷል። እጆቹን ዘርግቶ «ቀጥል! ቀጥል!» አለ። የሮቢት ተጫዋቾች ከበቡት፤ ደጋፊው ተነሳ፤ አንዳንዱ የላስቲክ ጠርሙስ ወረወረ። ሙህሲን ወደ ኋላ አላለም።

«ጎይቶም፣ ኳሱን ነው የነካው። አጠገብህ ቆሜ ነው ያየሁት። ተነካሁ የምትል ከሆነ ንገረኝ።»

ጎይቶም ተኝቶ ቀና ብሎ አየው። ዳኛው በእርግጥም አጠገቡ ቆሟል፤ ጥላው ላዩ ላይ አርፏል። ተነሳ፤ አፈሩን አራገፈና ጓደኞቹን «ተውት፣ እንጫወት» አላቸው። ጩኸቱ እንደ መጣ ረገበ።

ዋንጫውን የወሰደው መጨረሻ ላይ በመለያ ምት ሮቢት ነው። ፊሊሞን ተሸንፎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ መጣና ሙህሲንን አቀፈው። «ተሸንፈናል። ግን በኳስ ነው የተሸነፍነው» አለው። ግርማይ ባንዲራውን ጠቅልሎ እየጠበቀው ነበር። ፈገግ ማለት የማይወደው ግርማይ ያን ቀን ጥርሱ ሁሉ ታየ።

ሰኞ ጠዋት ሙላው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሱቅ ገባ። ጆሮው ላይ ሲጋራ ሰክቷል። ሱሪውን ሰጥቶ ግን አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሙህሲን፣ እኔ ለምን እንዳልተውኩት ታውቃለህ? አምና አንተን አይቼ ነው። ተወ፣ አበጠ፤ እኔስ መሪ ላይ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው ምን ልሆን ነው ብዬ።»

ሙህሲን ሳቀ። «ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም አንተን አይቼ ነው የመጣሁት።»

ሙላው ሲጋራውን ከጆሮው አውርዶ የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ሙህሲን አዲስ መፋቂያ አውጥቶ ሰጠው፤ ወንበርም ሳበለት፤ ከዚያ ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ከረሜላው፣ ስለ ሰባቱ ሳምቡሳ ሳይደብቅ አጫወተው። «መጀመሪያ መተዉ ነው» አለው። «ኪሎው ይመጣል። ሲመጣ አትደንግጥ፤ እኔ ደንግጬ ዓመት ከሰርኩ።»

ሙላው በማግስቱ አልመጣም። ሐሙስ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ነጠላ ጫማ አድርጎ ድልድዩ ጋ ቆሞ ተገኘ። ሦስት ሆነው ወደ ሮቢት አቅጣጫ ተነሱ። ትንሽ እንደሄዱ ሙላው ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ግርማይ ቀደም ብሎ ሄዷል። ሙህሲን ግን ተመለሰና አጠገቡ ቆመ።

«አብሽር» አለው። «እኔ በመጀመሪያው ቀን እዚህ ድረስም አልመጣሁም።»